ደብተሩ ማን ጋ ነው?

የዛሬውን ጽሑፍ ያዘዙን እናቶች ናቸው። እንደምታውቁት በሠፈራችን ያሉ እናቶች ከራሽናቸውም ከትናንሽ ንግዳቸውም እየቆነጠሩ የጀመሩት የመረዳጃ ገንዘብ አለ። አሁን ገንዘቡም አባሉም እየበዛ ስለመጣ ኮሚቴ ሊመርጡ ነው። «እናንተ መጻፍ ትወዳላችሁ፤ ኮሚቴ እንዴት እንደሚመረጥ ጻፉልን» አሉን። እኛም እሺ አልን። እሺ ካልን በኋላ ነው ጉዳዩ እኛኑ የሚያሳፍረን መሆኑን ያስታወስነው። ቢሆንም ቃል ገብተናልና ከእፍረታችን እንጀምራለን።

ይህን አምድ የምናዘጋጀው ሰዎች ወደ ካምፕ ከመምጣታችን በፊት ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ዓመታት ኖረናል። እዚያም ዕድር ነበረን። አርባ ያህል ቤተሰብ ሆነን በወር 500 ፍራንክ እናዋጣ ነበር። ብዙ አይደለም፤ ግን በሰው አገር ሲሞቱ ቀባሪ፣ ሲታመሙ ጠያቂ እንዳናጣ ያሰብናት ነገር ነበረች። ሰብሳቢያችን ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው ነበሩ። ስማቸውን እዚህ አንጽፍም። እሳቸው ሰብሳቢም፣ ጸሐፊም፣ ገንዘብ ያዥም ነበሩ። ሾምናቸው ከማለት ሥራው በእጃቸው ቀረ ማለት ይሻላል። ሌሎቻችን በቀን ሥራ ደክመን ስንገባ እሳቸው ደብተራቸውን ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። አንድ ፍራንክ አላጎደሉም፤ ይህን ደግመን ደጋግመን ልንናገርላቸው ይገባል።

ታዲያ ምን ሆነ? ስድስት ዓመት የተጠባበቁት የሪሴትልመንት ጉዳያቸው በአንድ ሳምንት አለቀ። ሐሙስ ተነገራቸው፣ ማክሰኞ በረሩ። ቡና አፈላን፣ ዳቦ ቆረስን፣ አለቀስን፣ መረቅን። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል «ጋሼ፣ ደብተሩ ማን ጋ ነው?» ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም። እንዴትስ ይጠየቃል? እንደ ማጠራጠር ይቆጠራላ! ነውር መሰለን።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አንዲት እናታችን አረፉ። የጅቡቲ ሙቀት ደግሞ ሬሳ አያሳድርም። ገንዘባችን የት እንዳለ የምናውቀው በወሬ ነበር፤ አንድ ሱቅ ነጋዴ ጋ በአደራ ተቀምጧል። ሄደን ብንጠይቀው «አደራውን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ እናንተን አላውቃችሁም» አለን። በጊዜው በጣም ተናደድንበት። ዛሬ ስናስበው ሰውየው እውነቱን ነው። እሱም እንደኛ ወረቀት አልነበረው፤ የመጣ ሁሉ «የእኔ ነው» እያለ ቢወስድ አደራ የት ይገባል? የሟች ልጅ ስልኩን ሸጠ፣ እኛም ከየቤቱ ለመንን፣ ቀበርናቸው።

ከሁለት ወር በኋላ ጋሼ በስልክ ተገኙ። ሱቅ ነጋዴውን አነጋገሩልን፤ ገንዘቡም ሳይጎድል መጣ። ደብተሩ ግን ከልጆቻቸው የትምህርት ወረቀት ጋር ተቀላቅሎ ባሕር ተሻግሯል። ማን ስንት ወር እንደከፈለ በስልክ ሊያነቡልን ጀመሩ፤ አሥራ ሁለተኛው ሰው ላይ ሲደርሱ ካርዱ አለቀ። «እኔ ከፍያለሁ፣ አንተ አልከፈልክም» መባባል መጣ። ከወር በኋላ ዕድሩ ፈረሰ። ገንዘብ ሳይሰረቅ፣ ክፉ ሰው ሳይኖር ፈረሰ እኮ! እስከ ዛሬ የሚቆጨን ይህ ነው።

አገር ቤት ሳለን ይህ ሁሉ ይታወቅ ነበር። ዕድር በአዲስ አበባ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከየገጠሩ የመጡ ሰዎች ያቆሙት፣ ከጣልያን ወረራ በኋላም በየሠፈሩ የተስፋፋ ነገር ነው። ሰብሳቢ አለው፤ ዳኛ የሚሉትም አሉ፣ ሙሴ የሚሉትም አሉ። ጸሐፊው ሌላ ነው፣ ገንዘብ ያዡ ሌላ ነው፣ ሒሳብ ተቆጣጣሪው ደግሞ ሌላ። የጽሑፍ መተዳደሪያ ደንብ አለው። ያልመጣ ይቀጣል፣ ያረፈደ ይቀጣል፤ ሰብሳቢውም ቢያረፍድ ይቀጣል። አባቶቻችን አንዱን ሥራ ለአራት ሰው ያከፋፈሉት እርስ በርስ ስለማይተማመኑ አልነበረም። የሚዋደዱ ሰዎች በሳንቲም እንዳይጣሉ ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ቀበሌዎች ሲቋቋሙ ዕድር ወደ ቀብር ብቻ ተገፋ፤ ቢሆንም ደንቡና መዝገቡ ስለነበረው አልጠፋም። በኋላም ኤችአይቪ ቤት ለቤት ሲገባ ብዙ የአዲስ አበባ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው «ከሞት በኋላ ብቻ ሳይሆን በሕይወት ሳለም እንረዳዳ» ብለው በሽተኛ መጠየቅ፣ ወላጅ ያጣ ልጅ መርዳት ጀመሩ። ቀባሪ የነበረው ማኅበር ድህነትን ወደሚታገል ማኅበር የተለወጠው በጠቅላላ ጉባዔ፣ በድምፅ ብልጫ፣ በቃለ ጉባዔ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደምንጽፍ ልብ በሉልን፤ እዚህ አገር በሁለት ካሌንደር መኖር ለብዙዎቻችን ራስ ምታት ሆኗል።)

ትልልቆቹ ድርጅቶችም ከዚሁ ጥያቄ አያመልጡም። ጅቡቲ ከተማን እንመልከት። ባልባላ ዛሬ ከከተማዋ ሦስት ኮሚዩኖች አንዱ ነው፤ ሁለቱ ራስ-ዲካና ቡላኦስ ናቸው። ድሮ ግን ባልባላ የከተማ ክፍል አይባልም ነበር። ፈረንሳዮች በ1966 ከተማዋን በሽቦ አጥር ከበቧት፤ መግባት የተከለከለው ሰው ከአጥሩ ውጭ በቆርቆሮና በካርቶን ቤት ሠርቶ ተቀመጠ፤ እንዲህ እያለ ባልባላ ሰፋ። ነዋሪዎቹ የራሳቸውን የኮሚዩን ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጡት በ2006 ነው። ከአጥሩ እስከ ምርጫው አርባ ዓመት መሆኑ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ስለ ባልባላ ውሃ፣ ስለ ባልባላ መንገድ የሚወስነው ባልባላ የማይኖር ሰው ነበር።

በጃንዋሪ 2007 ፕሬዚዳንት ኢስማኤል ኦማር ጌሌ ብሔራዊ የማኅበራዊ ልማት ኢኒሼቲቭ የተባለውን መርሐ ግብር አወጁ። ሦስት ነገር ላይ ያነጣጠረ ነው፤ መሠረታዊ አገልግሎት ለድሃው ማድረስ፣ ሥራ እንዲፈጠር ምርቱን ማንቀሳቀስ፣ እጅግ ለተጎዱት ደግሞ ቀጥታ ርዳታ መስጠት። ይህንን በተግባር የሚያውለው ተቋም፣ የጅቡቲ የማኅበራዊ ልማት ኤጀንሲ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ በወጣ ሕግ ተመሠረተ። ብዙዎቻችሁ በፈረንሳይኛ አጠራሩ «አ-ዴ-ዴ-ኤስ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ከእርሱ በፊት ለየብቻ ይሠሩ የነበሩትን የማኅበራዊ ልማት ፈንድና የሕዝብ ሥራዎች አስፈጻሚ ኤጀንሲን አንድ ላይ ያጠቃለለ ነው። መንገድና የሠፈር ግንባታ ይሠራል፣ አነስተኛ ብድርና ቁጠባንም ያግዛል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንደመሆኑ ከዳይሬክተሩ በላይ የአስተዳደር ቦርድ አለው፤ ሠፈሩ ድረስ ሲወርድ ደግሞ ከሠፈር ማኅበራት ጋር ይሠራል።

ይህን የምናነሳው የማንንም ሥራ ለመመዘን አይደለም። ከላይ የሚሾም ቦርድና ከታች የሚመረጥ የሠፈር ማኅበር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማሳየት ነው። ከላይ ያለው ገንዘቡ ስንት እንደሆነ ያውቃል። ከታች ያለው የቱ ጋ እንደሚጎድል ያውቃል። ሁለቱ ሳይገናኙ ሲቀሩ ምን እንደሚመጣ ባይናችን ያየነውን እንንገራችሁ። ከላይ ከጠቀስነው ተቋም ጋር አይገናኝም፤ ሌላ አካል በጠራው፣ በምንኖርበት ሠፈር በተደረገ የውሃ ቦኖ ስብሰባ ላይ ነው። የጠራውን ስም አንጠቅስም።

ስብሰባው በፈረንሳይኛ ተጀመረ፤ ቀጥሎ በሶማሊኛ ተተረጎመ። እኛ ከኋላ ተቀምጠን ከሁለቱም ቃል ቃል እየለቀምን ነበር። ቦኖው የት እንደሚተከል፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ በጄሪካን ስንት እንደሚከፈል ሁሉ ተወስኖ መጥቷል። መጨረሻ ላይ «ጥያቄ ያለው?» ተባለ። አንዲት ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ተነስታ በተሰባበረ ሶማሊኛ «ቦኖው የሚከፈተው በስንት ሰዓት ነው?» አለች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተባለ። ልጅቱም «እኔ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤት እወጣለሁ፤ ማታ አንድ ሰዓት እመለሳለሁ። ታዲያ ውሃውን ማን ይቅዳልኝ?» አለች። ቤቱ ዝም አለ። ለካ በዚያ ሠፈር ውስጥ ግማሹ ሴት እንደሷ ነው! መድረኩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ቤታቸው የቧንቧ ውሃ ያላቸው ስለሆኑ የሰዓቱ ነገር በሐሳባቸው አልመጣም። ክፋት አይደለም። በኋላ የጠባቂው ሰዓት ተቀየረ፤ ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት መክፈት ጀመረ። አንድ ጥያቄ ነው የቀየረው። ልጅቱ ያን ዕለት እረፍቷ ባይሆን ኖሮስ? ስብሰባው እኮ የተጠራው በሥራ ሰዓት ነበር።

የድሃ ድርጅት ላይ ድሃው ራሱ ወንበር ይኑረው የሚለውን ነገር በሕግ የጻፉት አሜሪካኖች ናቸው። እንግዳ ነገር አይምሰላችሁ፤ እዚያ የደረሱ ዘመዶቻችን የክረምት ማሞቂያ መክፈል ሲያቅታቸው፣ ልጃቸውን መዋዕለ ሕፃናት ለማስገባት ሲቸገሩ የሚሄዱባቸው የኮሚዩኒቲ አክሽን ኤጀንሲዎች አሉ። እነዚህ ከፕሬዚዳንት ጆንሰን ዘመን፣ ከ1964 የፀረ ድህነት ሕግ የመጡ ናቸው። ሕጉ ድሆቹ በሚቻለው መጠን ሁሉ ይሳተፉ የሚል ቃል ነበረበት። መጀመሪያ ላይ ትልቅ ሁከት ነው የተነሣው። በየከተማው ያሉ ከንቲባዎች ገንዘቡ እኛን አልፎ እንዴት ይሄዳል ብለው ተቆጡ። በ1967 ሕጉ ተሻሻለና ቦርዱ ለሦስት ተከፈለ። ዛሬም ሥርዓቱ እንደዚያው ነው፤ አንድ ሦስተኛው የተመረጡ የመንግሥት ባለሥልጣናት፣ ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ድሆቹ ራሳቸው በዴሞክራሲያዊ መንገድ የመረጧቸው ሰዎች፣ የቀረው ከነጋዴው፣ ከሃይማኖት ተቋሙ፣ ከሠራተኛ ማኅበሩና ከመሳሰሉት። ከአንድ ሺህ በላይ ኤጀንሲዎች በዚህ ይተዳደራሉ።

እኛን የገረመን «የመረጧቸው» የምትለዋ ቃል ነች። ድሆቹን የሚወክለውን ሰው ሥራ አስኪያጁ አይመርጥላቸውም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ምክንያቱም በየቦታው አይተነዋል፤ አለቃ ሲመርጥ የሚያስቸግረውን አይመርጥም። ፈረንሳይኛ የሚችለውን፣ ሸሚዙ የተተኮሰውን፣ «እሺ ጌታዬ» የሚያውቀውን ይመርጣል። የቦኖዋ ልጅ በአለቃ ምርጫ ኮሚቴ ውስጥ አትገባም ነበር።

ወንበር ብቻ ግን ይበቃል ወይ? አይበቃም። ወንበር ላይ ተቀምጦ ሒሳቡን ማንበብ ካልቻለ፣ ሰዎቹ የሚሉትን ካልሰማ፣ ስብሰባው ከሥራው ላይ ቀን ከሰረቀው፣ ከሁለት ሦስት ጊዜ በኋላ ይቀራል። ሲቀርም «ድሆቹ አይሳተፉም» ይባላል። ስለዚህ እናቶች ኮሚቴ ስትመርጡ የስብሰባውን ሰዓት አብራችሁ ምረጡ። ማንበብ የማትችል አባል ብትመረጥ ችግር የለውም። ሒሳቡ በጮክታ ይነበብላት፤ ጆሮ ያለው ሁሉ ሒሳብ መስማት ይችላል። እንዲያውም ማንበብ የማይችሉ እናቶች ማን ስንት እንዳወጣ በቃላቸው የሚይዙት ነገር አስደንቆን ያውቃል። አንዷ ከደብተራችን ላይ ስሕተት አውጥታልናለች፤ ደብተሩን ሳታየው!

አሁን ደግሞ ስለ ጥሩ መሪ እንነጋገር። «ጥሩ ሰው ከተገኘ ደንብ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ጥሩ ሰው ሲባል ሁላችን የምናነሳቸው ወይዘሮ አበበች ጎበናን ነው። በ1980 ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ ሄደው፣ ረሃቡን አይተው፣ ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ከዚያ ሌሎችን ጨመሩ፤ የራሳቸውን ቤትና ትዳር የከፈሉበት ሥራ ነው። ሁለት ሕፃናት የተጀመረበት ቤት በስማቸው የሚጠራ የሕፃናት ክብካቤና ልማት ድርጅት ሆነ። ወላጅ ያጡ ልጆችን ከማሳደግ አልፎ ትምህርት ቤት፣ የሙያ ሥልጠና፣ የሴቶች ሥራ ውስጥ ገባ። እማዬ የሚሏቸው ልጆች ቁጥር ስፍር የለውም። በጁላይ 2021 በኮቪድ ምክንያት አረፉ። ድርጅቱ ግን ከሳቸው ጋር አልተቀበረም። እንዲህ ሊሆን የቻለው በሕይወት ሳሉ ሥራው ከአንዲት ደግ ሴት ቤት ወጥቶ ሠራተኛና ሒሳብ ያለው ድርጅት ስለሆነ ይመስለናል። ደግነታቸው ልዩ ነበር፣ ማንም አይክድም። ደግነት ግን አይወረስም፤ ደብተር ይወረሳል።

የእኛ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። አገር ቤት መሪ የሚሄደው ሲሞት ወይም ሲያረጅ ነው። እዚህ መሪ በማንኛውም ሐሙስ ሊሄድ ይችላል። ያውም የሚሄዱት ብዙ ጊዜ ደህና መሪ ሊሆኑ የሚችሉት ናቸው፤ ቋንቋ የሚችሉት፣ ፋይላቸውን የሚከታተሉት። የሚሄዱትንም አንቀየምም፤ እንዴት እንቀየማለን፣ ሁላችንም የምንጠብቀው እሱኑ አይደል? ስለዚህ ኮሚቴ ስትመርጡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉም ሰው ነገ እንደሚሄድ አድርጋችሁ አስቡ። ለእያንዳንዷ ኃላፊ ምክትል ይኑራት፤ ምክትሏም ለስም የተቀመጠች ሳትሆን በየወሩ አንድ ጊዜ ሥራውን በእጇ የምትሠራ ትሁን። ደብተሩ ሁለት ይሁን፤ በሁለት ቤት ይቀመጥ፤ ሁለቱ በየስብሰባው ይነጻጸሩ። ኢንተርቪው የተጠራች የኮሚቴ አባል ካለች፣ ፍላይት እስኪነገራት ሳትጠብቅ ያኔውኑ ርክክብ ትጀምር። ርክክቡም በምስክር ፊት ይሁንና ይፈረም፤ የማትጽፍ በጣቷ አሻራ ታድርግ። ጅቡቲ ውስጥ ማኅበር የሚመሠረተው ከፈረንሳይ በተወረሰው የ1901 ሕግ ነው፤ እንዲህ ያለ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ዋና ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይኖሩታል። የእናንተ ገና በወግ የተመዘገበ ማኅበር አይደለም፤ ግን ሦስቱን ሥራ ለሦስት ሰው መክፈል ምዝገባ አያስፈልገውም።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ? ይህን ብዙ ሰው ጠይቆናል። ኬር የተባለው ድርጅት በ1991 በኒጀር፣ ማራዲ በምትባል አካባቢ ከሴቶች ጋር የጀመረው የሣጥን ቁጠባ አለ፤ አሁን በብዙ የአፍሪካ አገሮች ይሠራበታል። ዘዴው ቀላል ነው። የብረት ሣጥን ይሠራል፤ ሦስት ጓጉንቸር ቁልፍ ይደረግበታል። ሣጥኑ አንዷ ቤት ይቀመጣል፤ ሦስቱ ቁልፎች በሌሎች ሦስት ሴቶች እጅ ይሆናሉ። ሣጥኑ የሚከፈተው አባል ሁሉ በተሰበሰበበት ብቻ ነው፤ ገንዘቡም በሁሉ ፊት ይቆጠራል። ሁሉም ሰው ሲበተን የቀረውን ሒሳብ በቃሉ ይዞ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ሣጥኑ ከመከፈቱ በፊት «ባለፈው ስንት ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል። ሱቅ ነጋዴ አያስፈልግም፣ «እናንተን አላውቃችሁም» የሚልም የለም። ችግሩ ገንዘቡ ሲበዛ ነው፤ ቤት ውስጥ ብዙ ገንዘብ ማስቀመጥ ሌባ መጥራት ነው። ስለዚህ ብዙ እንዳይጠራቀም ቶሎ ቶሎ ለአባላት ማበደር፣ በዓመት አንዴም ተካፍሎ እንደገና መጀመር የዘዴው አካል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንደብቃችሁ አንፈልግም። አንዳንድ ወንዶች «ሴቶቹ ሊቀመንበር ያስፈልጋቸዋል፤ ቢሮ ሲሄዱ የሚናገርላቸው ወንድ ይጨመር» እያሉ ነው። ከእኛም ከአዘጋጆቹ መካከል ይህን ሐሳብ የደገፈ ነበር፤ ተከራክረን ተውነው። ማኅተም የሚይዝ ሰው ብዙ አይተናል። ማኅተም የያዘ ሰው ከስብሰባ አይቀርም፤ ገንዘብ ሲቆጠር ግን ሁልጊዜ ጉዳይ አለበት። እናቶች አስተርጓሚ ከፈለጉ ለዚያ ቀን አስተርጓሚ ይጥሩ። ለአንድ ቀን የተጠራ አስተርጓሚ የኮሚቴ አባል አይሆንም።

እናቶች፣ ምርጫችሁ የሚደረገው በመጪው የራሽን ቀን ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሲበርድ መሆኑን ነግራችሁናል። እኛ ለመምረጥ ሳይሆን ለመጻፍ እንመጣለን፤ ቃለ ጉባዔ እንይዝላችኋለን፣ በሁለት ቅጂ። ከአሁን በፊት የከፈላችሁትን የምታስታውሱ፣ ቁራጭ ወረቀትም ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ወረቀት የሌላት ምስክሯን ይዛ ትምጣ። የሣጥኑን ነገር ብየዳ ከሚሠራው ልጅ ጋር ተነጋግረናል። ብረቱ ከተገኘ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል፤ ለእጁ ዋጋ አልጠየቀም። ጓጉንቸር ቁልፎቹን ግን ከዓሊ ሳቢህ ገበያ ማስመጣት አለብን። ሦስቱም የተለያየ ዓይነት ይሁኑ፤ አንዱ ቁልፍ ሌላውን የሚከፍት እንዳይሆን ገዢው እዚያው ሱቅ ላይ ሞክሮ ይምጣ።